ቢጫ ቋጠሮ

«እሷ እኮ እግሯን የረገጣትን ሰው ራሷ ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ ናት፤ ምንም አትልም» አለች አክስቷ ከቁም ሳጥኑ ወዲያ።

ሹክሹክታ የሚሏት ልጅ በአንድ እግሯ እንደቆመች ቀረች። አንዱ ካልሲ እግሯ ላይ ነው፣ ሌላው አልጋ ሥር ገብቷል። አክስትና የእህት ልጅ የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሏን ለሁለት የከፈላት ቁም ሳጥኑ ነው፤ ፊቱን ለአክስት፣ ጀርባውን ለልጅቷ ሰጥቶ። ጀርባው ደግሞ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እንኳን ወሬ ትንፋሽም ያሳልፋል። እትዬ (ዘመድም ባዕድም እንዲህ ነው የሚጠራት) ልጅቷ ግቢ ውስጥ ባለው የጋራ መታጠቢያ ቤት ወረፋ ላይ ያለች መስሏታል። ወረፋው ሲረዝምባት ተስፋ ቆርጣ መመለሷን አላየችም። የእትዬ ቀኝ እጅ ሰሞኑን እየደነዘዘ ስላስቸገራት ስልኩን ድምፁን ከፍታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ የታጠፉት አንሶላዎች ላይ አስቀምጣዋለች። ምስጢር ለማውራት ከዚያ የባሰ ቦታ ቢፈለግ አይገኝም።

«ስንት ደረሱ እስካሁን?» አለ ስልኩ። ሌላ ከተማ ያለችው የልጅቷ እናት ድምፅ ነው።

«ሰባት ሸሚዝ። ሰባቱም ላይ የቋጠርኩት የእሷን ክር ነው። ምን ላድርግ እህቴ? ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ማዳም ትቆጥራለች፤ ብልሽት የበዛባት ከማሽን ትነሳለች። እኔ ከተነሳሁ በዚህ ዕድሜዬ ማን መልሶ ያስቀምጠኛል? እሷ ልጅ ናት። ዓመት ክር ብትቆርጥ ምን ትሆናለች?»

ሹክሹክታ ከኮምፔንሳቶው ወዲህ ጆሮዋን ለጠፈች። እናቷ አሁን ትቆጣለች፣ አሁን «ኧረ እንዴት ልጄን!» ትላለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ቆይታ ቆይታ፣ «እሱስ ልጅ ናት። ትረሳዋለች» አለችና ዘይት እዚያ ስንት እንደገባ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ስለ ዘይት አወሩ። ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር፣ በዚህ ሳምንት ስንት ሆነ፣ ነጋዴው ደግሞ እንዴት እንደሚያመናጭቅ። ልጅቷ ካልሲዋን ፈልጋ ለማግኘት እንኳ አቅም አጣች፤ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ጫማዋን አጠለቀች።

ሹክሹክታ የሚለውን ስም ያወጡላት ሁለቱ የሚሠሩበት ስፌት ቤት ልብስ ተኳሽ ጋሼ እንፋሎት ናቸው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሆዷ ውስጥ አንድ ጠበቃ፣ ሁለት ተሳዳቢና አንድ ቀልደኛ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋሉ፤ ሰውን ሁሉ ያበጥራሉ። ችግሩ ከሆድ እስከ ምላስ ያለው መንገድ ነው። ከታች እሳት ሆኖ የተነሳው ነገር ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ለብ ይላል፣ ጥርሷ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ከንፈሯን ሲያልፍ «ይቅርታ» ሆኖ ይወጣል። ለበር ይቅርታ ትላለች። ለወንበር ይቅርታ ትላለች። አንድ ቀን ልብስ የሚለካበት አሻንጉሊት ትከሻዋን ሲነካት ይቅርታ ብላው ስፌት ቤቱ በሙሉ ሥራ አቁሞ ሳቀ።

ያን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ እትዬ እንደ ሁልጊዜው መስኮት ጋ አስቀመጠቻት፣ የሁለቱንም ታሪፍ ከፈለች፣ የጃኬቷንም አንገት አስተካከለችላት። ከሁሉም ያቃጠላት ይሄ ነው። ሌባ ሌባ ቢመስል ምን ነበረበት! የእትዬ እጅ ግን ሞቃት ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሹክሹክታ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ የምትለውን ነገር ታዘጋጅ ጀመር። አንደኛው ንግግር በጩኸት ይጀምርና በስድብ ያልቃል። ሁለተኛው በለቅሶ ይጀምርና መጨረሻ የለውም። ሦስተኛውን ሳትጀምረው አንድ ጆንያ የያዘ ሰውዬ ከነጆንያው እግሯ ላይ ቆመ፤ ካልሲ የሌለው እግሯ ላይ። «ይቅርታ» አለች ሹክሹክታ። ሰውየው «ምንም አይደል የኔ እህት» አላት። እትዬ በመስኮቱ መስታወት በኩል አየቻትና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች።

ስፌት ቤቱ ከአንድ የጫማ ሱቅ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። ስድስት ማሽን በሁለት ረድፍ፣ በወዲያኛው ጫፍ የጋሼ እንፋሎት መተኮሻ፣ በወዲህኛው ደግሞ መስኮት የሌለው ጥግ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተሰፋ ልብስ ትርፍ ክሩ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በአሥር በአሥር ይታሰራል። እዚያ የሄደ ሰው ክፍያው ከማነሱም በላይ የማሽን ነገር ያከትምለታል፤ ከሄዱት ውስጥ የተመለሰ የለም። ሹክሹክታ ደግሞ ኮሌታ ትወዳለች። እጅጌም ኪስም ትሰፋለች፤ ኮሌታ ግን ሁለቱ ጫፎቹ እኩል ሹል ብለው ሲገለበጡ ሆዷ ውስጥ ያሉት ለፍላፊዎች እንኳ ጸጥ ይላሉ። በቀን ውስጥ ጸጥ የሚሉት ያኔ ብቻ ነው።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ማዳም አንድ ደንብ አላት። ማታ ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዷ ሰፊ በሰፋችው ሸሚዝ ሁሉ ኮሌታ ውስጥ የራሷን ቀለም ክር አንድ ጊዜ ወግታ ትቋጥራለች። ሸሚዙ ተበላሽቶ ቢመለስ የሰፋችው ወዲያው ትታወቃለች። የእትዬ ቀለም ቡናማ፣ የሹክሹክታ ቢጫ ነው። ከሁለት ወር በፊት እትዬ፣ «አንቺ ወለሉን ጥረጊ፣ እኔ ያንቺንም አብሬ እቋጥርልሻለሁ፤ ቶሎ እንገባለን» አለቻት። ሹክሹክታ ደስ ብሏት አመሰገነች። በየማታው አመሰገነች! የመጀመሪያው ጠማማ ኮሌታ በቢጫ ቋጠሮ ሲመጣም፣ ይሄን መቼ ነው የሰፋሁት ብላ ሳታስብ ይቅርታ ብላ የማዳም ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሰባት ጊዜ ይቅርታ። አሁን ማሽኗ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ይቅርታ ስታስታውስ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

ጠዋቱን ሙሉ መቀመጥ አቃታት። ክር ልትጨምር ትነሳለች፣ ውኃ ልትጠጣ ትነሳለች፣ የጨመረችውን ክር መልሳ ታወጣለች። መርፌ ሰበረች። ጋሼ እንፋሎት ከካውያቸው ጀርባ ሆነው ያዩዋታል።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ጉንዳን ገብቶብሻል?»

«ጋሼ፣ ሰው መብቱ ሲነካበት ምንድን ነው የሚያደርገው?»

«መጮኽ ነዋ! ጠረጴዛ መምታት! እኔን ተመልከቺኝ፣ ማን ይነካኛል?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ማዳም በዚያው ቅጽበት «ያ ሱሪ ምን ላይ ደረሰ?» ስትላቸው «ይኸው ማዳሜ፣ ይኸው!» ብለው ሊታጠፉ ምንም አልቀራቸውም። ሹክሹክታ ግን ያንን ልብ አላለችም። መጮኽ የሚለውን ብቻ ይዛ ሄደች።

ጩኸቱ የወጣው ደግሞ በማይሆን ሰው ላይ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች፤ ለካችውና «ወገቡ ጋ ጠቦኛል» አለች። ባንኮኒው አጠገብ የነበረችው ሹክሹክታ ናት። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ።

«ቀሚሱ ባለበት ነው ያለው! የጨመሩት እርስዎ ነዎት!»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ቆሙ። ሹክሹክታ ራሷ የማን ድምፅ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ልትዞር ምንም አልቀራትም። የሴትየዋ ፊት ቀላ። ግን አልጮኸችም፤ አላቀረቀረችምም። ልጅቷን ቀጥ ብላ እያየች፣ «ከወለድኩ ሁለት ወሬ ነው። እንደዚያ ልትዪኝ አይገባም ነበር። ቀሚሱ ጠቦኛል፤ ሁለት ጣት ያህል እንዲለቀቅልኝ እፈልጋለሁ» አለች። ማዳም እየተጣደፈች መጥታ መዘገበችላት፣ ሹክሹክታንም በዓይኗ ጠበሰቻት። ሹክሹክታ ይቅርታ ጠየቀች። ይሄኛው ከጥርስ ያመለጠ አልነበረም፤ ከታች ከሆዷ የመጣ ነበር፣ ሲወጣም አሳመማት። ሴትየዋ «እሺ» ብላ ሄደች። ሁለት ጣት ይለቀቅላታል። ሹክሹክታ በሩን እያየች ቆየች፤ ያቺ ሴት ድምፅዋን ሳትጨምር ያን ሁሉ ነገር እንዴት እንደተናገረች ደጋግማ አሰበች። ቁልቁል አላየችም። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ምሳ ሰዓት ላይ አክስትና የእህት ልጅ እንደ ወትሮው የጨርቅ መጋዘኗ ውስጥ፣ ጥቅል ጨርቆች ላይ ተቀመጡ። እትዬ ዳቦውን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ለልጅቷ ሰጠች። ሹክሹክታ ትልቁን ወሰደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ጠዋት ከእናቴ ጋር ስታወሩ ሰምቻለሁ።»

እትዬ ማኘኳን አቆመች። «ምኑን?»

«ሁሉንም። ሰባቱን። ዘይቱንም።»

ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ማራገቢያ ይንቋቋል። እትዬ ዳቦዋን መልሳ ላስቲክ ውስጥ ከተተች፤ ላስቲኩን አጣጠፈችው፤ ደግማ ፈታችው። «ጡት ከጣልሽ ጀምሮ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ። ማሽን ላይ ያስቀመጥሽኝም አንቺ ነሽ። አንዱንም አልረሳሁም። ሸሚዞቹ ግን የእኔ አይደሉም።»

«እና ለማዳም ልታሳብቂብኝ ነው?»

«የማን እንደሆኑ አልናገርም። የእኔ አለመሆናቸውን ግን ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እናገራለሁ። ድንገት እንዳይሆንብሽ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ቋጠሮዬን የምቋጥረው እኔ ነኝ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጥቶ አንኳኳ። ዳቦ ጎርሳ አብራ ዋጠችው። እትዬ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ለመጨበጥ ሞከረች፤ ሁለቱ አልታዘዟትም። «ይሄን ታያለሽ? ጠዋት ጠዋት የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። እዚያ ጥግ ከሄድኩ አበቃልኝ፣ ገባሽ?»

«ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ። ከፈለግሽ ነገ።»

«ሐኪም ኮሌታ ይሰፋል?» አለች እትዬና ተነስታ ወጣች። የልጅቷ ዳቦ ጭኗ ላይ ቀረ። አሸነፍኩ እንዳትል የምታለቅሰው እሷ ራሷ ናት፤ ተሸነፍኩ እንዳትል ቃሏን ተናግራለች። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታት ክር ሆነው ተጎተቱ። በሁለቱ ማሽኖች መሃል ያለው አንድ ክንድ ነው፤ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይተያዩ ሰፉ። እትዬ መቀስ ስትፈልግ ከልጅቷ መውሰድ ትታ ተነስታ ከጫፍ አመጣች። ሹክሹክታ በየደቂቃው ግድግዳ ሰዓቱን ታያለች፤ ሰዓቱ ላይ ዓይኗን ስትጥል ደቂቃ ቆጣሪው ቀጥ ይልባታል፣ ስታዞር ይሮጣል።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ማዳም ቅርጫቷን ይዛ መጣች። የተመለሱትን ሸሚዞች አንድ በአንድ ኮሌታቸውን እየገለበጠች ጠረጴዛው ላይ ከመረች። ሰማያዊ ሁለት። ቀይ አንድ። ቡናማ አንድ። ቢጫ ሰባት። «ነገ ሦስት መቶውን ሸሚዝ ለሆቴሉ አስረክባለሁ፤ በዚህ ዓይነት አይሆንም» አለችና ራሷን ነቀነቀች። «ሹክሹክታ፣ ዕቃሽን ያዢና ጥግ።»

ልጅቷ ተነሳች። «የእኔ አይደሉም» አለች።

«ምን አልሽ? አይሰማም።»

ጋሼ እንፋሎት የካውያውን እንፋሎት ዘጉት። ሹክሹክታ አገጯን ቀና አደረገች፤ ማዳምን ቀጥ ብላ አየቻት።

«የእኔ አይደሉም፣ ማዳም።»

«ቢጫው የማን ነው ታዲያ?»

«ቋጠሮው የእኔ ነው። ስፌቱ የእኔ አይደለም።»

«እና የማን ነው?»

«እሱን አልናገርም። ሰው ላይ ለመጠቆም አይደለም የተነሳሁት። ከፈለጉ አሁን እዚሁ ፊትዎ አንድ ኮሌታ ልስፋ፤ ከእነዚህ አጠገብ አድርገው ይዩት።»

ማዳም አሰበችና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ወረወረችላት። ሹክሹክታ ተቀመጠች። እጇ ጨርቁን እንደነካ የራሱን ሥራ ያዘ። ጫፉ ጋ ስትደርስ መርፌውን እንደተወጋ አቁማ ጨርቁን አዞረች፣ ጨረሰች፣ ገለበጠች። ሁለት እኩል ጫፍ። ማዳም አዲሱን ከሰባቱ ጋር እያስተያየች ብዙ ቆየች። ይሄ ያኛው አይደለም፤ ዕውር ቢዳስሰው ያውቀዋል።

«መልካም» አለች ማዳም። «እንግዲያው ሁላችሁም ትሰፋላችሁ። ከፊት ጀምሮ፣ ተራ በተራ።»

ሹክሹክታ ይሄ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ባለ ሰማያዊዋ ሰፋች። ባለ ቀይዋ እያጉረመረመች ሰፋች። ሦስተኛዋ እትዬ ናት። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባች፣ ቀኝ እጇን መንኮራኩሩ ላይ አሳረፈች፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች፤ አልረገጠችውም። ሹክሹክታን አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ «ተሳስቻለሁ፣ የእኔ ናቸው» ብትል ያ ሁሉ ያልቃል፣ ዛሬም ትልቁን ዳቦ ትቀበላለች፣ እትዬም ማታ ጃኬቷን ትሰቅልላታለች። አፏን ከፈተች። እትዬ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ምን እንደነበረ ሹክሹክታ ልታነበው አልቻለችም። ቁጣም ይመስላል፤ ሌላም ይመስላል። ልጅቷ የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋችው።

«አይድከሙ፣ ማዳም» አለች እትዬ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ። «የእኔ ናቸው። ክሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ።»

ማዳም እትዬን አሥራ አንድ ዓመት ታውቃታለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቅርጫቱን አቀፈችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። «እትዬ፣ እርስዎ?» አለች። ወደ ጥጉ ጠረጴዛ በእጇ ብቻ አመለከተች፤ ፊቷን ግን አዙራ። ደግሞ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ «አንቺስ ሰባት እስኪሞላ የት ነበርሽ?» አለቻት።

እትዬ መቀሷን፣ መነጽሯንና የቡናማ ክሯን ጥቅልል ሰብስባ ሄደች። ሥራው ቀጠለ፤ ነገ ርክክብ ነው፣ ማንም ለማንም ሐዘን አይቀመጥም። ሹክሹክታ ጀርባዋን ለጥጉ ሰጥታ ሰፋች። ጀርባዋ ግን የሚያይ መሰላት። መቀሱ ሲቆርጥ ትሰማለች፤ በግራ እጅ የሚቆርጥ ሰው መቀስ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ እየሳተ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱ አብረው በዚያው ሚኒባስ ወደዚያችው አንዲት ክፍል ይሄዳሉ። መስኮት ጋ ማን ይቀመጣል? ማን ቀድሞ ያወራል? የምትሰፋው እጅጌ ይሁን ኮሌታ፣ ለጊዜው አላወቀችም።

«ይሄ የማን ነው?»

የእትዬ ድምፅ ነው። ሁሉም ዞሩ። ጥጉ ላይ ቆማ አንድ ሸሚዝ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ገና ማታ ስላልሆነ ቋጠሮ የለውም። «ኮሌታው ግራው ረዝሟል» አለች። ባለ ሰማያዊዋ፣ «በይ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሆነችልን!» አለች ለጎረቤቷ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ጋሼ እንፋሎት ሳላቸው። ማንም የእኔ ነው አላለም። ሹክሹክታ ተነስታ ሄደች፤ ሸሚዙን ተቀበለችና ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ይዛ ሁለቱን ጫፎች አጋጠመች። የምር ረዝሟል። የስንዴ ቅንጣት ግማሽ ያህል፣ ግን ረዝሟል። ከምሳ በኋላ ሰዓቱን እያየች የሰፋችው ነው፤ ስፌቱን አወቀችው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ እትዬ ራሷ ማወቅ አለማወቋን ፊቷ አይናገርም።

«የእኔ ነው» አለች ሹክሹክታ። መተኮሻው ድረስ ተሰማ።

እትዬ መተርተሪያዋን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። «ቀስ ብለሽ ነው እንግዲህ፤ ጨርቁን እንዳትቀጂው» አለች። ልጅቷ እዚያው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደግፋ መተርተር ጀመረች፤ እትዬም ሌላ ሸሚዝ አላነሳችም፤ ያንን ተቀብላ እስክታየው ድረስ አጠገቧ ቆማ ጠበቀች።